በደንብ ይታጠብ

ሳሙና የሚለውን ስም ያወጣላት የመለኪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ነው። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ያን ቀን ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። የላቦራቶሪው ሳሙና አረፋ የለውም ብለው ስላስፈራሯት ከቤቷ ግማሽ ሳሙና በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ «በሉ ተነሱ፣ ሳሙና መጣች!» አለ። እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ አዲስ ሰው ምን ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ሆነ።

ሥራዋ ማጠብ ነው። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ቱቦ ታጥባለች፣ ወንፊት ታጥባለች። ከሁሉ በላይ ግን ድንጋይ ታጥባለች። ይህን ለጎረቤት ስትናገር የሚያምናት አልነበረም። «ድንጋይ ደግሞ ምኑ ይታጠባል? አንቺ ሴትዮ፣ ታሾፊያለሽ» ይሏታል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጥቁር ድንጋይ በመኪና ይመጣል፣ በወፍጮ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል፣ እንደ አሸዋ የደቀቀው ይለያል። የተፈጨ ድንጋይ ላዩ ላይ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይለጠፍበታል። ያ አቧራ ካልለቀቀ የተመራማሪዎቹ ልኬት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ በአልኮል ታለቀልቀዋለች፣ በተጣራ ውሃ ትደግመዋለች፣ ከዚያ «ዝንቡ» ውስጥ ትከተዋለች። ዝንቡ የምትለው ዝዝዝ እያለ ውሃውን የሚያንቀጠቅጠውን የብረት ገንዳ ነው። ትክክለኛ ስሙን ስንት ጊዜ ነግረዋታል፤ አፏ ላይ አልያዝ አላት።

የማጠቢያው ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ሁለት መታጠቢያ አለው፣ አንደኛው ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። መስኮቱ የድንጋይ ሳጥን የተደረደረበትን ጓሮ ያሳያል። እዚያ ውስጥ የእጇ ቆዳ ገረጣ፣ ጥፍሯ ሳሳ፣ ጉልበቷም ከዳት። አንድ ኩራት ግን ነበራት፤ ከእጇ የወጣ ዕቃ ቆሽሾ ተገኘ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሩ አንድ ጊዜ ብርጭቆ ወደ መብራት አንስተው ሊያዩ ሲሉ፣ «ይሄ የሳሙና ነው፤ ማየትም አያስፈልግ» ብለው መልሰው አስቀምጠውታል። ያቺን ቃል ዐሥር ዓመት ስታላምጣት ኖረች።

ሁለተኛው ኩራቷ የእህቷ ልጅ ናት።

እህቷ ስትሞት ልጅቷ ሦስት ዓመቷ፣ ሳሙና ደግሞ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። የሚፈልጋት ሰው ነበር፤ ጣሪያ ሠሪ። «አንቺን አገባለሁ፤ ልጅቷን ግን ለሌላ ዘመድ ስጪ» አላት። ሌላ ዘመድ አልነበረም። ቢኖርም አትሰጥም። ጣሪያ ሠሪው ሌላ አገባ፣ እሷም ከልጅቷ ጋር በአንዲት ክፍል ቀረች። እሷ ራሷ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ፊደል ትለያለች፤ አጭር ነገር ታነባለች፤ ሲረዝም ይደክማታል። ልጅቷን ግን አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት አላስቀረቻትም። ልጅቷ ገና አፏ ሳይጠራ «እታለም» ብላ ነው የጠራቻት፤ እታለም እንዳለቻት አደገች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለዶክትሬት የተቀበላት ያው የሳሙና ላቦራቶሪ ሆነ። ሳሙና የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። የመጀመሪያው ቀን ሽርጧን ተኩሳ ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ልጅቷ ከዶክተሩ ጋር እየተጫወተች መጣች። ዐይኗ ሳሙና ላይ አረፈ፤ ወዲያው ግድግዳ ያየ ይመስል አልፏት ሄደ።

ልጅቷ አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። የዚያ ቤት ሰው አፉ ምን እንደሆነ አታውቂም። በአጣቢዋ በኩል ነው የገባችው ይሉኛል።»

«እና ምን ላድርግ?»

«አንተዋወቅም። በቃ። በሰው ፊት ደግሞ እርስዎ በዪኝ፤ ሌሎቹን እንደምትያቸው።»

ሳሙና ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። «አንቺን? ንፍጥሽን በቀሚሴ የጠረግሁልሽን?»

«ይኸው! እንዲህ ያለውን ነው እዚያ እንዳትናገሪ የምልሽ።»

 ልጅቷ የሳሙናን ፊት ስታይ ጊዜ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘች። «ለዘላለም እኮ አይደለም። መጨረሻ ላይ ሥራዬን አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት አቀርባለሁ። ከፊት ለቤተሰብ የሚሆን ወንበር አለ። እዚያ ትቀመጫለሽ። ተነሽ እልሽና ለሁሉም፣ ያሳደገችኝ እታለም ይቺ ናት፣ እላለሁ። ያን ጊዜ ማን ምን ያመጣል?»

በዚህ ተስማሙ። ሳሙና ያሳደገቻትን ልጅ አራት ዓመት «እርስዎ» አለቻት። ልጅቷም በኮሪደሩ ላይ «አንቺ ሳሙና፣ ቱቦዎቹ አልደረሱም?» እያለች ጠራቻት። ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ እታለም ትሆናለች፤ እራት ታቀርባለች፣ ካልሲ ታጥባለች። መጀመሪያ አካባቢ ልብ ይወጋ ነበር። ኋላ ለመደችው። አዳራሹን የምታጸዳዋ ሴት ስትቀር ገብታ ትወለውልላትና ወንበሮቹን ታያለች። ከፊት ረድፍ በስተግራ ሦስተኛዋን መረጠች፤ የወንበሯ እግር አይነቃነቅም። ለዚያች ወንበር የሚሆን ግራጫ ቀሚስ አሰፍታ በፕላስቲክ ሸፍና ሰቀለች።

ልጅቷ በመጨረሻው ዓመት የምትሠራው ምን እንደሆነ የነገራት የማሽኑ ሰውዬ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ማጠቢያው ክፍል ገብቶ በባልዲ ላይ ተቀምጦ መለፍለፍ ይወዳል።

«ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይሟሟል ብልሽ ታምኚያለሽ?» አላት።

«ስኳር መሰለህ?»

«ይሟሟልኮ! አንቺ ጡረታ ትወጫለሽ፣ እኔ እሞታለሁ፣ አልቃሼም ይሞታል፣ እሱ ገና እየሟሟ ነው። በሟሟ ቁጥር ከአየር ላይ የጭሱን ክፉ ነገር ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ፈጭተው እርሻ ላይ የሚበትኑት። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ እዚህ በቱቦ ውሃ ስናሳልፍበት በደንብ ይሟሟል። እርሻ ላይ ግን ይለግማል።»

«ለምን ይለግማል?»

«ቅርፊት ያወጣላ! ዝገትና ጭቃ ላዩ ላይ ይጋገርና እንደ ካፖርት ይለብሰዋል። ውሃው ድንጋዩን ሳይነካ በላዩ ያልፋል። ያቺ ወጣቷ ተመራማሪ፣ ያቺ አንገቷን የምትሰብቀው፣ ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚያዘገየው ልትለካ ነው። ምን ትመለከቺኛለሽ? አልገባሽም አይደል?»

«አልገባኝም» አለች ሳሙና። አንገቷን ትሰብቃለች ያለው ገብቷት ነበር።

ቢሆንም የቀረውንም በደንብ ብትሰማው ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ። ሰው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮው ግማሹን ነው የሚሰማው።

ከወር በኋላ ልጅቷ ትልቅ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ብልቃጡ ውስጥ ስምንት ዓመት እርሻ ላይ ተበትኖ የኖረ ድንጋይ ነበር፤ እሷው ራሷ ሰው ይዛ ወርዳ፣ ከአፈር ውስጥ አንድ በአንድ አስለቅማ ያመጣችው። በስልክ ከእጮኛዋ ጋር እያወራች ነው። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገችና ብልቃጡ ላይ ለጠፈችው፤ ግማሹን ለነገ እንዲደርስ በእጇ አሳይታ ሄደች። ሳሙና ወረቀቷን አነበበች። አጭር ስለነበረች አልደከማትም። «በደንብ ይታጠብ» ትላለች፤ ከሥሩ ፊርማ።

ጠዋት ግማሹን ገንዳ ላይ ዘረገፈችው። ደነገጠች። የሌሎቹ ተመራማሪዎች ድንጋይ ጥቁር ነው፤ ያብለጨልጫል። ይሄ እንደ ዛገ ምስማር ቡናማ ነው። በአልኮል አለቀለቀችው፤ ምንም። ዝንቡ ውስጥ ከተተችው፤ ጭቃው ለቀቀ፣ ቡናማው አልለቀቀም። የሰው ሁሉ ድንጋይ ነጽቶ ሲወጣ የእኔ ልጅ ድንጋይ ዝጎ ይውጣ? አለች በልቧ። መደርደሪያው ላይ የብርጭቆ እድፍ የምታስለቅቅበት የዝገት ማስለቀቂያ ዱቄት አለ። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ በጠበጠችው። ከጠዋት እስከ ምሳ ዘፈዘፈችው፤ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየረች። ሲደፋ ሻይ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ዘንድሮ የተፈጨ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ገንዳው ላይ ቀረ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እጥበት አጥባ አታውቅም። ወረቀቷን ከብልቃጡ ላይ ነቅላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። የልጇ ጽሑፍ ስለሆነች መጣል አላስቻላትም።

ልጅቷ መጥታ የታጠበውን ሳትከፍት ወሰደችው። «እሺ ሳሙና» አለች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር እንኳ።

ስድስት ሳምንት ውሃ በቱቦው አለፈበት። የማሽኑ ሰውዬ የሚወጣውን ውሃ ይለካል፤ ከድንጋዩ ሲሊካ የሚሉት ማዕድን ስንት ሟሙቶ እንደወጣ ይጽፋል። ቁጥሩ እርሻ ካላየው ከአዲሱ ድንጋይ ጋር እኩል ሆነ። ልጅቷ ቤት ውስጥ ዘለለች። «እታለም፣ የዓለምን አፍ ላዘጋ ነው! ቅርፊቱ ምንም አያደርግም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሲሳሳቱ ኖረዋል!» ሳሙና ምን እንደሆነ ሳይገባት እልል ልትል ቃጣት።

ዶክተሩም ደስ ብሏቸው ከሌላ ተቋም አንዲት ፈታኝ ጠሩ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። ልጅቷ የልኬቱን ሥዕል ሁሉ አሳየቻቸው።  ሲጨርሱ፣ «የድንጋዩን ፍሬ ልየው እስቲ» አሉና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሱ። ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ቅርፊቱ የታለ?»

«እዚያው ላይ...»

«ነይ እዪው። ይሄ እንደ ተላጠ እንቁላል ራቁቱን ነው። አንቺ የለካሽው ቅርፊት የሌለውን ነው። ቅርፊት የሌለው ደግሞ እንደ አዲስ መሟሟቱ ምን ይገርማል?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ስትነሳ ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው፣ «አጣቢዋ ናት!» የሚል ነው። «በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጊው ብያታለሁ!»

ሳሙናን ጠሯት። እጇን ሳታደርቅ መጣች። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። ዶክተሩ ብልቃጡን አፍንጫዋ ሥር ደቀኑት።

«ይሄን በምን አጠብሽው?»

«በዝገት ማስለቀቂያ፣ ጌታዬ።»

«ማን አዘዘሽ?»

ሳሙና እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ወረቀቷ አለች። በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ቀና ስትል የልጅቷን ዐይን አየች። ዐይኑ አልለመናትም፤ ቢለምናት ይሻል ነበር። «ወዮልሽ» ነበር የሚለው።

«ማንም አላዘዘኝም» አለች። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«ቆሻሻ!» የማሽኑ ሰውዬ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። «ስምንት ዓመት እርሻ ላይ የበሰለውን በግማሽ ቀን! ሳሙና፣ አንቺ እኮ ጨረቃንም ቢሰጡሽ ትፈትጊያታለሽ!»

ሳቁ ተዛመተ። ዶክተሩ አልሳቁም። «ስሚ» አሉ፣ «እዚህ ቤት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። አንቺ ለማሰብ አልተቀጠርሽም። የስድስት ሳምንት ሥራ፣ የዚህችን ልጅ ስም፣ የእኔን ስም አጥበሽ ደፋሽው። ከነገ ጀምሮ ማጠቢያ ክፍል እንዳትገቢ። መጥረጊያ ይሰጥሽ።»

አሮጊቷ ፈታኝ ብቻ ሳሙናን ቀና ብለው አዩ። ሊናገሩ ያሰቡት ነገር ያለ መሰለ፤ መነጽራቸውን ጠረጉና ተዉት።

ያን ቀን ልጅቷ ቤት ስትገባ ይቅርታ አልጠየቀችም። «ምን አደረግሁሽ፣ ምን በደልሁሽ?» እያለች አለቀሰች። ሳሙና ወረቀቷን አውጥታ አላሳየቻትም። ራት አቀረበች፤ ልጅቷ ሳህኑን ገፋችው። ሳምንት ሙሉ ያለ እታለም፣ ያለ ሳሙና፣ እንዲያው በዝምታ ኖሩ።

በሳምንቱ ማብቂያ ልጅቷ ዳቦ በፌስታል ይዛ ገባች። ፊቷ ፈክቷል።

«እታለም! እታለምዬ! እኒያ አሮጊት ምን አሉ መሰለሽ? ያልታጠበው ግማሽ ካለሽ ነገሩ እንዲያውም አማረልሽ አሉኝ። አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንዱ ቅርፊት ለባሽ፣ አንዱ የተላጠ። ከአዲሱ ጋር ሦስት አድርጌ ጎን ለጎን እለካለሁ። ቅርፊቱን ብቻ ለይቶ ማውጣት ለሌሎች አልሆነላቸውም፤ ድንጋዩንም አብረው ይጎዱታል። አንቺ እንዴት አደረግሽው?»

ሳሙና ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አሁን ይጠቅማል ማለት ነው?»

«በጣም እንጂ! ንገሪኝ። ስንት ማንኪያ? ውሃው ምን ያህል ይሞቃል? ስንት ሰዓት?»

ሳሙና ነገረቻት። በሕይወቷ አንድ የተማረ ሰው የምትናገረውን ሲጽፍ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ስንት ማንኪያ ለስንት ውሃ፣ እጅ ሲችለው እንጂ ሲያቃጥል እንደማይሆን፣ ውሃው ሦስት ጊዜ እንደሚቀየር፣ በቡሩሽ ከተፈተገ ግን ድንጋዩ ራሱ እንደሚጫር፤ አንዱንም አላስቀረችም። ልጅቷ ሁለት ገጽ ሞላች። ሲያበቁ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ወረቀትስ? ብልቃጡ ላይ የነበረችው?» አለች።

«አለች፤ አስቀምጫታለሁ።»

«ስጪኝ፤ ከመዝገቤ ጋር ላያይዛት።»

ሳሙና ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ለአፍታ ጽሑፏን አየችው። ከዚያ አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያቺ ወረቀት ሁለተኛ ለማንም አልታየችም።

«ወንበሩስ?» አለች ሳሙና። ድምጿ አላፈረም፤ አራት ዓመት የጠበቀችው ነው።

«ከፊት ነው ያልሁሽ አይደል? እታለም ደግሞ።»

አራት ወር አለፈ። ሳሙና ኮሪደር ጠረገች። ማጠቢያው ክፍል አንዲት ወጣት ሴት ገባችበት፤ ቱቦ ታጥባ ግማሹን እድፍ ትተወዋለች፣ ዝም ይሏታል። ሳሙና በበሩ ስታልፍ ዝንቡ ሲጮኽ ትሰማና ትቆማለች። ከዚያ ትጠርጋለች። ልኬቱም አለቀ። የተላጠውና አዲሱ እኩል ሟሙ፤ ቅርፊት የለበሰው ከዐሥር አንድ እጁን እንኳ አልሟሟም። የማሽኑ ሰውዬ ቁጥሩን እያየ፣ «ያቺ አንገት ሰባቂ ዕድሏ ነው» አለ ለሳሙና። «አንቺ አበላሸሽው፣ እሷ በላችው።»

«ጎበዝ ናት» አለች ሳሙና።

«ምን ያስደስትሻል አንቺን? ዘመድሽ ናት እንዴ?»

መጥረጊያዋን አነሳችና ሄደች።

የማቅረቢያው ቀን ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በጠዋት ወጣች። ሳሙና ግራጫውን ቀሚስ ለበሰች፤ በላዩ የሥራ ካፖርቷን ደረበች። ሰዓቱ ሲደርስ ካፖርቱን ማውለቅ ብቻ ነው የሚቀራት፤ ቁልፎቹን ትቆልፋለች፣ መልሳ ትፈታለች። አዳራሹን ጠረገች፣ ወንበሮቹን ወለወለች። ከፊት በስተግራ ሦስተኛዋ ላይ ወረቀት ተለጥፎባታል። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። «የእጮኛ ቤተሰብ» ይላል። ሁለተኛዋም እንዲሁ። አራተኛዋም እንዲሁ። አምስተኛዋ የዶክተሩ ናት።

ምናልባት ሌላ ወንበር ያመጣሉ፣ አለች። ከላይ ያለውን ቁልፍ ፈትታ በሩ ጥግ ቆመች።

ሰው ገባ። የእጮኛዋ እናት ዘግይተው፣ ከአንዲት እህታቸው ጋር መጡ፤ ወንበር ጎደለ። ልጅቷ ዐይኗን በአዳራሹ አዙራ ሳሙና ላይ አቆመችው። ሳሙና ካፖርቷን ለማውለቅ እጇን አነሳች።

«ሳሙና!» አለች ልጅቷ። «ለእማማ እህት አንድ ወንበር አምጪ። ቶሎ በዪ።»

ሳሙና ወጣች። የቀረው ወንበር ከታች ፎቅ ነው። ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ አስቆማት። በሩ ላይ ስትደርስ ልጅቷ ንግግሯን ጀምራለች፤ ስለዚህ ወንበሩን እንዳቀፈች ቆማ ጠበቀች።

ልጅቷ ስትናገር ታምራለች። ስለ እርሻው ተናገረች፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ሦስቱ ድንጋዮች። አሮጊቷ ፈታኝ፣ «ቅርፊቱን እንዴት ለየሽው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷም ሳታመነታ፣ ስንት ማንኪያ፣ ውሃው እጅ ሲችለው፣ ሦስት ጊዜ እንደሚቀየር፣ በቡሩሽ እንደማይነካ አንድ በአንድ ተናገረች። ሳሙና በሩ ላይ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

«መላው የማን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስሁበት ነው።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ በሩ ዞር ብለው ሳሙናን አዩ፤ ወደ ወረቀታቸውም ተመለሱ። «ጥሩ ነው» አሉና ፈረሙ።

የቀረው ምስጋና ነበር። ልጅቷ ዶክተሩን አመሰገነች፣ ፈታኟን አመሰገነች፣ የማሽኑን ሰውዬ አመሰገነች፣ የእጮኛዋን ቤተሰብ አመሰገነች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። መሃረብ አወጣች።

«አንዲት ሰው ግን ዛሬ እዚህ የሉም። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ አክስቴ። እታለም ነበር የምላቸው። ትምህርት ወዳድ፣ የተከበሩ ሴት ነበሩ። ይህን ቀን ሳያዩ አለፉ።»

የእጮኛዋ እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። «አወይ ልጄን!» አሉ ለእህታቸው። «ይህን ታሪክ ለኛም ስትነግረን አልቅሳ ነው።»

ዶክተሩ ተነሱ። «እስቲ ለነፍሳቸው አንድ ደቂቃ እንቁምላቸው» አሉ።

አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ። ወንበር ተንኳኳ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሳሙና ቀድማም ቆማ ነበር። ወንበሩን እንዳቀፈች አንገቷን ደፋች፤ ሁሉም ስለደፉ። የማሽኑ ሰውዬ ዞር ብሎ ሲያያት እንባዋ በወንበሩ ጀርባ ላይ ይወርዳል። ሲቀመጡ፣ «ላንቺ ምንሽ ናት? ሞኝ» አላት በሹክሹክታ። ሳሙና ወንበሩን ወስዳ ከፊት አስቀመጠች። የእማማ እህት ቀና ብለው ሳያዩ ተቀመጡበት። ሳሙና የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈችው።

ልጅቷ ያን ቀን ቤት አልመጣችም። የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሻንጣዋን ልትወስድ። ነጩን ቀሚስ በፌስታል ይዛለች።

«እታለም፣ ግብዣው ላይ ወይን ደፉብኝ። ሦስት ልብስ አጣቢ ጋ ሰጥቼ ነበር፣ አልለቀቀም። ያለ አንቺ እጅ አይለቅም። ነገ ለፎቶ ይፈለጋል።» ሻንጣዋን እየከፈተች ጨመረች፤ «ያን ነገር... ሌላ ምን ልበል? መጀመሪያ ሲያውቁኝ ሞታለች ብያቸው ነበር። አንዴ ካሉት በኋላ...»

ሳሙና ቀሚሱን ተቀበለች። ገንዳውን አወጣች። ውሃ አሞቀች፤ እጅ በሚችለው ልክ። ወይኑ እጅጌውና ደረቱ ላይ ነው። ቀስ እያለች፣ ጨርቁን ሳትጎዳ አሸችው፤ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየረች። ልጅቷ ጫማዋን እየጠቀለለች ሻንጣ ትሞላለች፣ በስልክ ትስቃለች። ሳሙና ቀሚሱን አለቅልቃ፣ ጨምቃ፣ መስኮቱ ላይ አናፍሳ ተኮሰችው። አንድም ነገር አላጎደለችበትም። ከዚያ አጥፋ ሰጠቻት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «እዚህም ሳሙና በዪኝ። እታለም ሞታለች። ሰው ሁሉ ቆሞላታል።»

ልጅቷ ቀሚሱን ዘረጋች፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ እጅጌውን ወደ ብርሃን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«እዚህ ጋ» አለች፣ «ትንሽ ቀርቷል።»